ለሳዳት ቃል፣ ለቤጊን ወረቀት፦ የካምፕ ዴቪድ 13 ቀናት

ሁለት የተኳረፉ ሰዎችን ለማስታረቅ ሲታሰብ ብዙዎቻችን ቶሎ የሚመጣልን ሐሳብ አንድ ዓይነት ነው። አንድ ክፍል ውስጥ አስቀምጧቸው፤ ፊት ለፊት ይነጋገሩ፤ የሆዳቸውን ከተባባሉ ይወጣላቸዋል። የአሜሪካው ፕሬዚዳንት ጂሚ ካርተርም እ.ኤ.አ. በሴፕቴምበር 1978 የግብፁን አንዋር ሳዳትንና የእስራኤሉን መናኸም ቤጊንን የፕሬዚዳንቶች ማረፊያ ወደሆነው ካምፕ ዴቪድ ሲጠሩ ያሰቡት ይህንኑ ነበር። ከዋሽንግተን ራቅ ብለው፣ ጋዜጠኛ በማይደርስበት ጫካ ውስጥ ጥቂት ቀን አብረው ቢሰነብቱ መተማመን ይመጣል ብለው ነበር። ሐሳቡ ሦስተኛው ቀን ላይ ፈረሰ።

ድርድሩ ግን አልፈረሰም። በ13ኛው ቀን ስምምነት ተፈረመ። በመሃል ምን መጣ? ሰው ብዙ ጊዜ የካምፕ ዴቪድን ነገር ሲያነሳ ስለ ፖለቲካው፣ ስለ ሲና በረሃ፣ ስለ ጦርነቱ ያወራል። እኔን የሚስበኝ ሌላ ነው። ካርተር በእነዚያ ቀናት ሁለት ፈጽሞ የማይመሳሰሉ ሰዎችን እንዴት ማናገር እንዳለባቸው ተማሩ። ለአንዱ የሚሠራው ለሌላው እንደማይሠራ ገባቸው። የአነጋገር ጠባይን ማወቅ ምን ያህል ሥራ እንደሚሠራ፣ ሲዘነጋም ምን እንደሚያስከፍል የዚህን ያህል ቁልጭ አድርጎ የሚያሳይ ጉዳይ አላውቅም።

መጀመሪያ ነገሩ ምን እንደነበር በአጭሩ። ሳዳት በኖቬምበር 1977 ኢየሩሳሌም ድረስ ሄደው በእስራኤል ፓርላማ፣ በክኔሴት ፊት ንግግር አደረጉ። የአረብ መሪ እንዲህ ሲያደርግ የመጀመሪያው ነበር፤ ዓለም አፉን ይዞ አየ። በወሩ፣ ዲሴምበር 25፣ ከቤጊን ጋር ኢስማኢሊያ ላይ ተገናኙ። ምንም አልወጣውም። ግብፅ በ1967ቱ ጦርነት የተወሰደባትን ሲና ሙሉ በሙሉ እንዲመለስላት ትፈልጋለች። እስራኤል እዚያ ሰፈራዎችና የአየር ኃይል ጣቢያዎች አሏት። በዌስት ባንክና በጋዛ ያሉት ፍልስጤማውያን ጉዳይም አለ። ነገሩ እየቀዘቀዘ ሲሄድ ካርተር በኦገስት 1978 በእጃቸው የጻፉትን የግብዣ ደብዳቤ በውጭ ጉዳይ ሚኒስትራቸው በሳይረስ ቫንስ በኩል ላኩ።

አሁን ወደ ሰዎቹ እንምጣ።

ቤጊን የዋርሶ ዩኒቨርሲቲ የሕግ ምሩቅ ናቸው። ወላጆቻቸውንና ወንድማቸውን በናዚዎች አጥተዋል። እሳቸው ራሳቸው በሶቪየት እስር ቤት አልፈዋል። ለእንዲህ ያለ ሰው ወረቀት ላይ የሰፈረች አንዲት ቃል ቀላል ነገር አይደለችም፤ ነገ የሕዝባቸው ዕጣ በእሷ ሊወሰን ይችላል። ሰነድ ሲሰጣቸው ከላይ እስከ ታች መስመር በመስመር ያበጥሩታል። ክብርና ወግም ይጠብቃሉ። ካርተር ጂንስ ለብሰው በሚዞሩበት ግቢ ውስጥ እሳቸው ከኮትና ከከረባታቸው አይለዩም ነበር። ሁለቱ ርእሰ ብሔር ናቸው፣ እኔ ጠቅላይ ሚኒስትር ብቻ ነኝ ብለው ፕሮቶኮሉን ራሳቸውን ዝቅ በሚያደርግበት ቦታ እንኳ ያከብሩት ነበር።

ሳዳት ከገጠር የወጡ ወታደር ናቸው። እሳቸውም በእንግሊዞች ዘመን ታስረዋል። ዝርዝር ይሰለቻቸዋል። ትልቁን ነገር ራሳቸው ይናገራሉ፤ ነጥብና ሰረዙን ለባለሙያዎቻቸው ይተዋሉ። ለእሳቸው ትልቁ ጥያቄ ቃሉን የሰጠው ማን ነው የሚለው ነው። ያመኑትን ሰው ያምኑታል፤ ያላመኑት ሰው መቶ ገጽ ቢያቀርብ አያነቡለትም።

ሁለቱንም ዓይነት ሰው በየቤታችንና በየመሥሪያ ቤታችን እናውቃለን። አንደኛው ነገር ሲነገረው "በጽሑፍ ስጠኝ" ይላል። ሌላው "በጽሑፍ ስጠኝ" ሲባል እንዳልታመነ ቆጥሮ ይቀየማል።

ካርተር ደግሞ ሦስተኛ ጠባይ ነበራቸው። የባሕር ኃይል መኮንን ሆነው በኒውክሌር ኃይል የሠለጠኑ መሐንዲስ ናቸው። ካርታ ዘርግተው ዝርዝር ውስጥ መግባት ይወዳሉ። በአሠራር ከሄድን የሚቀርቡት ለቤጊን ነው። በስሜት ግን ሳዳትን ነበር የሚወዱት፤ አልደበቁትምም። ይህ በራሱ ፈተና ነው። ለሚወዱት ሰው ጠባይ ራስን ማስተካከል አይከብድም። ካርተር በብዛት መልመድ የነበረባቸው ደግሞ የሚከብዳቸውን ሰው ነው።

ከስብሰባው በፊት ካርተር ዋዮሚንግ ውስጥ እረፍት ላይ ሳሉ አንድ ወፍራም ጥራዝ ይዘው ነበር። በአሜሪካው የስለላ ድርጅት በሲአይኤ ውስጥ ጄሮልድ ፖስት የተባሉ የሥነ አእምሮ ሐኪም የሚመሩት ክፍል ስለ ሁለቱ መሪዎች ያዘጋጀው ጥናት በውስጡ ነበረበት። አስተዳደጋቸው፣ እምነታቸው፣ ጫና ሲበዛባቸው የሚያደርጉት ነገር፣ ማንን እንደሚሰሙ። ካርተር በደንብ አጠኑት። እንዲያም ሆኖ መጀመሪያ ያደረጉት ሁለቱን አንድ ክፍል ውስጥ ማስቀመጥ ነበር። ስለ ሰው ማንበብና በዚያ መሠረት መኖር ለየቅል ናቸው።

ሴፕቴምበር 5 ሁለቱም ሜሪላንድ፣ ካቶክቲን ተራሮች ውስጥ ካለው ግቢ ደረሱ። ማረፊያዎቹ የተሰየሙት በዛፍ ስም ነው። ካርተር አስፐን፣ ሳዳት ዶግዉድ፣ ቤጊን በርች ውስጥ ነበሩ። ከአንዱ ወደ ሌላው በእግር ጥቂት ደቂቃ ነው።

በማግስቱ ሦስቱ ተቀመጡ። ሳዳት ይዘውት የመጡትን ሰነድ አንድ ሰዓት ተኩል ያህል ወስደው አነበቡት። ቤጊን ጨርሶ የማይቀበሏቸው ጥያቄዎች ተደርድረውበታል። ንባቡ ሲያልቅ ክፍሉ ጭር አለ። ካርተር ወደ ቤጊን ዞረው ይህን እንዳለ ቢፈርሙልን ሁላችንም ብዙ ጊዜ ይተርፈን ነበር አሉ። ሁሉም ሳቁ፤ አየሩ ለጊዜው ለቀቅ አለ።

ቤጊን ያላወቁት ነገር ነበር። ሳዳት ለካርተር ለብቻቸው ሌላ ወረቀት ሰጥተዋቸዋል። እዚያ ላይ በስተመጨረሻ የት ድረስ ሊለሳለሱ እንደሚችሉ ተጽፏል። ያ ሁሉ የተነበበው ኃይለኛ ሰነድ ለሳዳት መክፈቻ ነበር። ገበያ የወጣ ሰው የመጀመሪያውን ዋጋ ሲጠራ ማንም በዚያ ዋጋ ይሸጣል ብሎ እንደማይጠብቀው ማለት ነው። ቤጊን ግን እንዲህ አይሰሙም። ለእሳቸው የተጻፈና የተነበበ ነገር የሰውየው ሐሳብ ነው። በአንድ ወረቀት ላይ አንዱ ጨዋታ ጀመረ፤ ሌላው ፍርድ ቤት ገባ።

ሴፕቴምበር 7 ቤጊን ሰነዱን አጥንተው መጡ። አንድ በአንድ እያነሱ መተቸት ጀመሩ። ሳዳት ዝርዝሩን እንደ ስድብ ቆጠሩት። ድምፅ ከፍ አለ። ሳዳት ጠረጴዛውን እየመቱ "ደኅንነት፣ አዎ! መሬት፣ አይሆንም!" አሉ። ካርተር ወደ ኋላ ብለው ማስታወሻ መያዝ ያዙ፤ ሁለቱ እሳቸውን ረስተዋቸዋል። በመጨረሻ ተነሥተው ሊወጡ ሲሉ ካርተር ቀድመው በሩ ጋ ቆሙና ተስፋ እንዳይቆርጡ ለመኑ። ከዚያ ቀን ወዲያ ሁለቱ ለድርድር ፊት ለፊት አልተቀመጡም። የቀሩትን ቀናት ካርተር ከዶግዉድ በርች፣ ከበርች ዶግዉድ ተመላለሱ።

ብዙዎች ይህን እንደ ውድቀት ያዩታል። እኔ እዚህ ላይ ነው ሥራው የተጀመረው እላለሁ። መነጋገር መልካም ነው የሚባለው ሁለቱ ሰዎች አንዱ የሌላውን ንግግር እንዳለ ሲሰማው ነው። እዚህ ቤት ያንን የሚያደርግ አልነበረም። ሁለት ዓይነት ጆሮ ነበር፣ በመሃልም አንድ ሰው ያስፈልግ ነበር።

ሁለተኛው ለውጥ የበለጠ ብልሃት ያለበት ይመስለኛል። ካርተር በቡድኖቹ ውስጥ አንድ ተገላቢጦሽ አስተዋሉ። በግብፅ በኩል ከሁሉም ለስላሳው ሳዳት ናቸው፤ አማካሪዎቻቸው ግን ድርቅ ያሉ። ውጭ ጉዳይ ሚኒስትሩ መሐመድ ኢብራሂም ካሜል እንዲያውም ከፊርማው በፊት ሥራቸውን ለቀቁ። በእስራኤል በኩል ደግሞ ከሁሉም ጠንካራው ቤጊን ናቸው። ውጭ ጉዳይ ሚኒስትሩ ሞሼ ዳያን፣ መከላከያ ሚኒስትሩ ኤዘር ዋይዝማንና የሕግ ባለሙያው አሮን ባራክ ከእሳቸው ይልቅ መውጫ ይፈልጉ ነበር። ስለዚህ ካርተር በር አንኳኩተው የሚገቡበትን ቅደም ተከተል ለየብቻ አደረጉት። ከግብፅ ጋር ሲሆን ሳዳትን ለብቻቸው ያገኛሉ፣ ትልቁን ነገር ይስማማሉ። ከእስራኤል ጋር ሲሆን መጀመሪያ ሰዎቻቸውን ያናግራሉ፣ ቤጊን ዘንድ የሚደርሰው ነገር አስቀድሞ ተፈትሾ እንዲደርስ።

ሴፕቴምበር 13 የሆነው ለዚህ ጥሩ ማሳያ ነው። የአሜሪካ ፕሬዚዳንት 11 ሰዓት ያህል ከሁለት የሕግ ሰዎች ጋር ተቀምጠው ዓረፍተ ነገር ሲያርሙ ዋሉ። አንዱ ባራክ፣ ሌላው የግብፁ ኦሳማ ኤል ባዝ። ባራክ ቤጊን የትኛውን ቃል እንደሚውጡ፣ የትኛው ላይ እንደሚታነቁ ያውቃሉ። ቤጊን የሚሰሙት በሕግ ቋንቋ ከሆነ፣ በሕግ ቋንቋ የሚያናግራቸውን ሰው መፈለግ ነው። ካርተር ትዕግሥታቸው አልቆ "ይኼ የቃል ጨዋታ ነው" ብለው ቢተዉት ማንም አይፈርድባቸውም ነበር።

የድርድሩ ወረቀትም ተለወጠ። የሁለቱ ወገኖች ሰነድ ቀርቶ አሜሪካኖች ያረቀቁት አንድ ጽሑፍ መዞር ጀመረ። ተቀበሉ አትቀበሉ የሚል ጥያቄ የለም። ምኑ ላይ ችግር አለው? እንዴት ይስተካከል? በቃ። 23 ጊዜ ተረቀቀ። ይህ ለቤጊን ጠባይ ልክ ነበር። ማረም ይወዳሉ፤ ማረም ደግሞ መሸነፍ አይደለም። ሳዳትንም አላስጨነቃቸውም፤ የሚያምኑት ሰው የያዘው ወረቀት ነውና። የሲናውን ክፍል ካርተር ራሳቸው በእጃቸው ነው የጻፉት። ሳዳት በጥቂት ለውጥ ብቻ ተስማሙበት።

በመሃሉ አንድ እሑድ አለ፤ ሴፕቴምበር 10። በእኛ አቆጣጠር የ1971 ዘመን መለወጫ ዋዜማ መሆኑ ነው። ካርተር ሁለቱን በአንድ መኪና ይዘው፣ እሳቸው መሃል ገብተው፣ ቅርብ ወደሚገኘው ጌቲስበርግ ወሰዷቸው። በ1863 የአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት ትልቁ ውጊያ የተካሄደበት ሜዳ ነው። ስለ ድርድሩ ማውራት አልተፈቀደም። ወታደር የነበሩት ሳዳት፣ ዳያንና ዋይዝማን ስለ ውጊያው በሞቀ ስሜት ሲያወጉ ቤጊን ዝም ብለው ነበር። ከዚያ ሊንከን ንግግር ካደረጉበት ቦታ ደረሱ። ቤጊን የሊንከንን ንግግር በቃላቸው ይወጡት ጀመር። ይህችን ትንሽ ነገር ደጋግሜ አስባታለሁ። መድፍና ምሽግ አላናገራቸውም፤ ቃል ሲመጣ ተናገሩ። ሰውን የሚከፍተው ቁልፍ ምን እንደሆነ ከዚህ በላይ የሚናገር ምልክት የለም።

ሴፕቴምበር 15 ዓርብ ነገሩ ሊበጠስ ደረሰ። ቫንስ ፊታቸው ገርጥቶ ወደ ካርተር ገቡ። ሳዳት ሻንጣቸውን ሸክፈዋል፤ ሄሊኮፕተር ይምጣልኝ ብለዋል። ካርተር ጥቂት ብቻቸውን ቆይተው ጸለዩ። ከዚያ ልብስ ቀየሩ። ለምን እንዳደረጉት ኋላ ሲጽፉ በውል አላብራሩትም፤ ግን ዘወትራዊውን ልብስ አውልቀው ደንበኛውን ለብሰው ወደ ዶግዉድ ሄዱ። ሳዳት ገና ሲያዩአቸው ነገሩ ቀልድ እንዳልሆነ የሚገባቸው ዓይነት ሰው ናቸው።

እዚያ ክፍል ውስጥ የተባለውን ልብ በሉ። ካርተር አንቀጽ አልጠቀሱም። ካርታ አልዘረጉም። አሁን ቢሄዱ የአሜሪካና የግብፅ ግንኙነት ይበላሻል፣ ለእኔ የሰጡኝን ቃል ያፈርሳሉ፣ ወዳጅነታችንም ያበቃል አሉ። ሳዳትም ያስቆጣቸውን ተናገሩ። ዳያን እስራኤል እንደማትፈርም ነግረዋቸዋል። ታዲያ እኔ የተውኩት ሁሉ ለሚቀጥለው ድርድር መነሻ ሊሆን ነው ብለው ሰግተዋል። ስጋቱ ትክክል ነበር። ካርተር እዚያው መልስ ሰጡ፤ ከሁለት አንዳችሁ የትኛውንም ክፍል ካልተቀበላችሁ ሁሉም እንዳልነበረ ይቆጠራል አሉ። ሳዳት ይህን ሲሰሙ እስከ መጨረሻው አብሬዎት እቆያለሁ አሉ። ሻንጣው ተፈታ።

ይኸው ንግግር በርች ውስጥ ቢደረግ ምን ይሆን ነበር? ቤጊን ወዳጅነትን ከአገር ጉዳይ ጋር ማገናኘቱን እንደ ማስገደድ ያዩት ነበር ብዬ አምናለሁ። ለእሳቸው የተሠራው ሌላ ነው።

ቤጊን ከሲና አንድም ሰፈራ እንደማያፈርሱ ደጋግመው ተናግረዋል። ዓይኔ ይፍሰስ፣ እጄ ይቆረጥ እስከማለት ደርሰዋል። ቃሉን እንደ መሐላ የሚይዝን ሰው "ቃልህን ብላ" ማለት ጊዜ ማባከን ነው። የተገኘው መላ ቃሉን ሳይነካ የሚያልፍ ነው። ቤጊን ራሳቸው ሰፈራ ይነሣ አይሉም፤ ጥያቄውን ለክኔሴት ያቀርባሉ፣ ክኔሴት ይወስናል። በዚያ ላይ የቀድሞው ጄኔራል አሪኤል ሻሮን ከእስራኤል ስልክ ደውለው በወታደራዊ በኩል ችግር እንደማያዩበት ነገሯቸው። ጥሪውን ከበስተ ጀርባ ያመቻቹት የቤጊን የራሳቸው ቡድን አባላት ናቸው። ለቤጊን ከካርተር አፍ ከሚወጣ መቶ ልመና ይልቅ የሻሮን አንድ ቃል ይበልጥ ነበር። ሴፕቴምበር 28 ክኔሴት 84 ለ19 በሆነ ድምፅ አጸደቀው።

የመጨረሻው ቀን፣ ሴፕቴምበር 17፣ አሜሪካ ስለ ኢየሩሳሌም ያላትን አቋም የሚገልጽ ደብዳቤ ነገሩን ሊያበላሸው ነበር። ቤጊን ይህ ከተጻፈ አልፈርምም አሉ። ቀደም ሲል ቤጊን የሦስቱ መሪዎች ፎቶ ተፈርሞ ለልጅ ልጆቻቸው እንዲሰጣቸው ጠይቀው ነበር። የካርተር ጸሐፊ የልጆቹን ስም አስጠይቃ አመጣች። ካርተር በእያንዳንዱ ፎቶ ላይ የልጁን ስም ጽፈው ፈረሙና ራሳቸው ይዘው ወደ በርች ሄዱ። ቤጊን መጀመሪያ ኮስተር ብለው አመሰገኑ። ከዚያ የመጀመሪያውን ፎቶ አዩ። ስሙን ጮክ ብለው አነበቡ። ቀጣዩን አነበቡ። ከንፈራቸው ተንቀጠቀጠ፤ ዓይናቸው እንባ ሞላ። ስለ እያንዳንዱ ልጅ ይነግሯቸው ጀመር።

ይህ ታሪክ ብዙ ጊዜ ሲነገር ፎቶው ቤጊንን እንዳሸነፋቸው ተደርጎ ይነገራል። ሙሉው እውነት አይደለም። ካርተር ደብዳቤውንም እንደገና አርቅቀውት ነበር። የአሜሪካ አቋም በዝርዝር እንዲጠቀስ ከማድረግ ይልቅ የአሜሪካ አምባሳደሮች በተባበሩት መንግሥታት በተናገሩት እንደሚጸና ብቻ እንዲል አድርገውታል። ቤጊን ይህን አንብበው ተቀበሉ። ፎቶው በሩን ከፈተ፤ የገባው ግን ወረቀት ነው። ከቤጊን ጋር አንዱ ያለ ሌላው አይሠራም ነበር። በዚያው ምሽት ዋይት ሐውስ ውስጥ ተፈረመ።

አሁን ስለተበላሸው ነገር። ከፊርማው በፊት በነበረው የቅዳሜ ሌሊት ካርተርና ቫንስ ከቤጊን፣ ከዳያንና ከባራክ ጋር እኩለ ሌሊት እስኪያልፍ ተቀምጠው ነበር። በዌስት ባንክ አዲስ ሰፈራ መሥራት እንዲቆም ተነጋገሩ። ካርተር ከዚያ ሲወጡ የገባቸው፣ ስለ ፍልስጤማውያን የራስ አስተዳደር የሚደረገው ድርድር እስኪያልቅ ምንም አዲስ ሰፈራ እንደማይኖር ነው። በጽሑፍ ነገ ይመጣል ተብሎ ታለፈ። ሴፕቴምበር 18 ካርተር ይህንኑ ለአሜሪካ ኮንግረስ በይፋ ተናገሩ። የቤጊን ደብዳቤ ሲመጣ ግን የሚያወራው ከግብፅ ጋር የሰላም ውል ለመፈራረም ስለተመደበው 3 ወር ብቻ ነበር።

ካርተር እስከ መጨረሻው ቤጊን ቃላቸውን አጥፈዋል አሉ። ቤጊንም እንዲህ ያለ ቃል አልሰጠሁም አሉ። በፖለቲካው ካየነው ዌስት ባንክ ለቤጊን የእምነት ጉዳይ ነበር፤ በምንም ዘዴ ቢነገራቸው እዚያ ላይ ሊለዝቡ አይችሉ ይሆናል። ለእኔ ግን የሌሊቱ አነጋገር ራሱ ችግሩን ይዟል። ካርተር ደክሟቸዋል፣ ድሉ ቀርቧል፣ እና ለ12 ቀን በቤጊን ላይ ያልሞከሩትን አደረጉ። ከሳዳት ጋር እንደሚነጋገሩት ተነጋገሩ፤ በቃል ተግባብተናል ብለው ተነሡ። ቤጊን ደግሞ ያልጻፉትን ነገር እንደሰጡት የሚቆጥሩ ሰው አልነበሩም። ይህን ካርተር በዚያ ጊዜ ከማንም በላይ ያውቁ ነበር።

ከዚያ በኋላ የሰላም ውሉን ለመጨረስ ካርተር ራሳቸው ካይሮና ኢየሩሳሌም መመላለስ ነበረባቸው፤ ማርች 26 ቀን 1979 ተፈረመ። ሳዳት ኦክቶበር 6 ቀን 1981 ተገደሉ። እንዲያም ሆኖ ቃል በቃል ተለክቶ የተጻፈው የሲና ክፍል ጸና፤ ኤፕሪል 25 ቀን 1982 እስራኤል ለቅቃ ወጣች፣ ሰፈራዎቹንም ያፈረሰው የራሳቸው የቤጊን መንግሥት ነው። በዌስት ባንክ ግን ሦስቱ ወሮች እንዳለቁ የሰፈራው ሥራ ቀጠለ።